በአያ ወርቅነህ ደጅ የሚያልፈው ዳገት

ባለፈው ሐሙስ ወደ ማታ ትምህርቴ ስሄድ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ማዶ ካለችው የብስክሌት መጠገኛ የማስቲሽ ሽታ መጣና መንገዴን አስረሳኝ። ጠጋኙ ከመነዳሪውን፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ባለብስክሌቱ ተማሪ ደብተሩን በብብቱ ይዞ አጠገቡ ይቁነጠነጣል። እኔም መቸኮል ነበረብኝ፤ ደወሉ ሊደወል የቀረው ትንሽ ነበር። ግን ቆምኩ። ያ ሽታ ለሌላው ሰው የጎማ ሽታ ነው፤ ለእኔ ግን የካኪ ቁምጣ፣ የእርጥብ ኖራና የገብስ ጆንያ ሽታ አብሮት ይመጣል። ክፍል የደረስኩት ዘግይቼ ነው። መምህራችን ስለ ከተሞች አቀማመጥ እያስተማሩ ነበርና በሰሌዳው ላይ «መንገድ የሚሄደው መሬቱ በፈቀደለት በኩል ነው» ብለው ጻፉ። የክፍል ጓደኞቼ፣ ሁሉም በዕድሜ ልጆቼ የሚሆኑ ናቸው፣ ገለበጡት። እኔም አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝና በጥንቃቄ ገልብጬ ከሥሩ አሰመርኩበት። መምህሩ አልተሳሳቱም። ነገር ግን በዚሁ ከተማ፣ መሬቱ ስለፈቀደለት ብቻ እዚያ ያልሄደ አንድ መንገድ አውቃለሁ። ይህን ለመናገር እጄን አውጥቼ ነበር፤ ሰዓቱ አለቀ። ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ብገልጥም ዓይኔ መስመሩን እየዘለለ አስቸገረኝ፤ ስለዚህ እጽፈዋለሁ። የማላስታውሰውንም አላስታውስም ብዬ አልፈዋለሁ።

በጣሊያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ የዛሬዋ አልነበረችም። ሽማግሌዎቹ ገና መንቆረር ነበር የሚሏት። ቤተ ክርስቲያኑ ከላይ፣ ገበያው ከታች፣ ውሰታ ወንዝ ደግሞ ከሁሉም በታች። መንገድ የሚባለው ሰውና በቅሎ ረግጠው ያወጡት ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተነሥቶ በአጥርና በአጥር መካከል እየተሹለከለከ ቁልቁል ይወርዳል። ለእግረኛ ዳገት ማለት ቆም ብሎ ትንፋሽ መሰብሰቢያ፣ ከጎረቤት ጋር ሰላምታ መለዋወጫ ነው። ስለዚህ አባቶቻችን ዳገቱን አልዞሩትም፤ ቀጥ ብለው ወጡበት። ጠማማ መንገድ ያወጣው አህያ ብቻ ነው፤ ጭነት ሲከብደው አግድም አግድም እያለ ይወጣል። ብስክሌት ሲመጣ ግን እግራችን የማያውቀው ሌላ ከተማ ተገለጠ። ሜዳ ነው ብለን ዘመናችንን የተመላለስንበት የገበያው ዳር ለካ ወደ ወንዙ ያዘቀዝቃል። በአንድ ትንፋሽ የምንወጣው የካህናቱ ሰፈር ጉብታ ደግሞ ለጎማ ተራራ ነው። ክረምት ሲገባ ቀዩ አፈር በጎማው ላይ ይጠቀለልና ጭቃ መከላከያው ሥር ተጣብቆ መንኮራኩሩን ያስረዋል፤ በየሃያ እርምጃው በእንጨት መፋቅ ነው። እኔ በብስክሌቷ ላይ የተቀመጥኩበት ጊዜ ይበልጣል ወይስ እሷ በትከሻዬ ላይ የተቀመጠችበት ብባል መልሱን አላውቀውም። ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡት ልጃገረዶች ተሸክሜያት ሲያዩኝ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ በጭብጨባ ይቀበላሉ፦

ሜዳውን ተሸክሞት፣ ዳገቱ ሲደርስ፣
ጌታውን የሚጭን ይህ ምን ዓይነት ፈረስ።

እኔ ይሁኔ፣ ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ በጣሊያኖቹ የመንገድ ሥራ ቢሮ መልእክት አድራሽ ነበርኩ። እዚያ እንዴት እንደገባሁ ብዙ አልናገርም። እኩዮቼ ጫካ ገቡ፣ እኔ ከተማ ቀረሁ፤ አንዱ እንዲህ አንዱ እንዲያ የሆነበት ጊዜ ነው። ካኪ ቁምጣና ብስክሌቷን ሰጡኝ። ከእረኛና ከሕፃን በቀር ጉልበቱን ለሰው የሚያሳይ ወንድ በማይታወቅበት ከተማ ጉልበቴን አስጥቼ እሄድ ነበር፤ መጀመሪያ ሰሞን ነጠላዬን ወገቤ ላይ እጠመጥምና ጫፉ ሰንሰለት ውስጥ እየገባ ይጥለኛል። ገበያ ውስጥ የጣሊያንን የወረቀት ሊሬ ይዘህ ብትገባ ሻጯ ፊቷን ታዞርብሃለች፤ የማርትሬዛ ብር ካሳየሃት ግን ከበጎቹ መካከል ገብተህ ጀርባቸውን እየጨበጥክ እንድትመርጥ ትፈቅድልሃለች። የመርጡለ ማርያም ማር በቅል ተከድኖ ይመጣ ነበር። አቡጀዲው እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሻል። ጣሊያኖቹ ከሚዝናኑበት ቤት ደግሞ በሸክላ የምትዘፍን ሴት ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉን አንድም አልሰማው፣ ዜማውን ግን ፔዳል ስመታ ሳላውቀው እይዘው ነበር። ዛሬም ደረጃ ስወጣ አንዳንዴ ይመጣብኛል፤ ማን እንደዘፈነው ጠይቄም አላውቅ።

አሁን ስለ ክርስትና አባቴ ስለ አያ ወርቅነህ ልናገር። አባቴ በልጅነቴ ሲሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ በቅሎ መቀመጥንም፣ ከበቅሎ መውረድንም ያስተማሩኝ እሳቸው። ሹመት የላቸውም፤ ነገር ግን የተጣላ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። ቤታቸው ከገበያው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወጣው ዳገት ወገቡ ላይ ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ብዙ አይሄዱም፤ ረፋዱ ላይ ከደጃቸው ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፣ እስከ ምሳ አይነሡም። በዚያ ዳገት የሚያልፍ ሁሉ በበቅሎ ከሆነ ይወርዳል፣ በእግሩ ከሆነ ጎንበስ ብሎ ነጠላውን አጣፍቶ እጅ ይነሣል። እኔ በብስክሌት ለመጀመሪያ ጊዜ በደጃቸው ሳልፍ ልውረድ ወይስ አልውረድ እያልኩ ሳመነታ ሚዛን ስቼ እግራቸው ሥር ተዘረጋሁ።

«መውረድህ ነው መውደቅህ?» አሉኝ።

«ልወርድ ስል ወደቅኩ፣ አባቴ።»

«በቅሎ ነው እንግዲህ ይኼ?»

«በቅሎ እንኳ አይደለም። ብረት ነው።»

ብስክሌቷን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። የጎረቤት ሰዎች ፍርድ ሊሰሙ ቆመዋል። «ስትሄድበት እግርህ መሬት ይነካል?»

«አይነካም።»

«እንግዲያው ተቀምጠሃል። የተቀመጠ ሰው ታላቁን ሲያይ ይወርዳል። ቀስ ብለህ ውረድ እንጂ፤ አጥንትህ እንዳይሰበር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በከተማው የብስክሌት ደንብ ይኸው ሆነ። እንግዲህ ቁጠሩት፤ በየደጁ ሽማግሌ አለ፣ በየጠርዙ ቤተ ክርስቲያን ወይም የቤተ ክርስቲያን አጥር አለ፣ በየቀኑ የሚያልፍ ለቅሶ አለ። ለሁሉም ይወረዳል። ዳገት ላይ አንዴ ከወረድክ ደግሞ ተመልሰህ አትነሣም፤ ብስክሌት ሩጫ ካልያዘች ዳገት አትወጣምና እስከ ላይ እየገፋህ ትሄዳለህ። ስለዚህ በጭንቅላቴ ውስጥ ያለው የከተማው ካርታ የአቀበትና የቁልቁለት ብቻ አልነበረም፤ የትኛው ሽማግሌ በስንት ሰዓት የት እንደሚቀመጥ ነበር። ጧት በካህናቱ ሰፈር አይኬድም፣ ከቅዳሴ ይወጣሉ። ረፋዱ ላይ በአያ ወርቅነህ ዳገት አይኬድም። ከሰዓት በኋላ ገበያው ዳር ጥላ ፍለጋ ይወጣሉ። ሽማግሌ የማይቀመጥበት አንድ መንገድ በወንዙ በኩል የሚያልፈው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ሽማግሌ ያልተቀመጠበት ከገደሉ የተነሣ ነው። ዛሬ የክፍል ጓደኞቼ በአስፋልቱ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው እየተሳሳቁ ሲወርዱ፣ ከካፌው በረንዳ ላይ የተቀመጡ አዛውንቶች ቀና ብለውም አያዩዋቸው። አልፈርድባቸውም። እኔ ግን በእግሬ ስሄድ እንኳ በሽማግሌ ፊት ፍጥነቴን እቀንሳለሁ።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ክረምት መጨረሻ ይመስለኛል፣ ከገበያው ድልድይ እስከ ላይ ሰፈር ድረስ ካሚዮን የሚወጣበት መንገድ ይሠራ ተባለ። መንገዱን የሚለካው ጆሜትራ የምንለው ጣሊያን ነበር፤ ስሙ ሳይሆን ሥራው ነው። አጭር፣ ፀሐይ አፍንጫውን የላጠችው፣ አማርኛ በጥቂቱ የለመደ ሰው። ባለሦስት እግሩ መለኪያው በቅሎ ላይ ተጭኖ ሲመጣ ገደል ገብቶ መስታወቱ ተሰነጠቀ። ሌላ እንዳያስመጣ መንገዱን አርበኞች ዘግተውታል። ከበላይ ጭቅጭቅ በዛበትና አንድ ዘዴ አሰበ። እኔን ጠርቶ ከብስክሌቷ ኋላ ገብስ የሞላ ጆንያ አሰረ። «አንተ ይህን ጭነህ ሳትወርድ የወጣኸውን ዳገት ካሚዮን ይወጣዋል። ከወረድክ፣ አይወጣውም፣ መንገዱ እዚያ ላይ ይታጠፋል» አለኝ። እንዲህ ሆኖ የኔ እግር የከተማው መለኪያ ሆነ። ጆሜትራው ከላይ ሆኖ በመነጽር ያያል፤ ጫኔ የሚባል የአማኑኤል ሰው ችካልና መዶሻ ይዞ ከኋላዬ ይሮጣል፤ በምወርድበት ቦታ ሁሉ ችካል ይመታል። ጫኔ ወፍራም ነበርና ሲሮጥ ያለከልካል፤ «ቶሎ ቶሎ ውረድልኝ እንጂ ይሁኔ፣ ልቤ ሊወጣ ነው» ይለኛል።

እኔ ሞኙ በዚያ ሥራ ኮራሁበት፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ሰው ሁሉ ቆሞ ያየኝ ነበር። ከድልድዩ ተነሣሁ፣ ገበያውን አለፍኩ፣ የመጀመሪያውን ጉብታ ጥርሴን ነክሼ ወጣሁ። ረፋድ ነበር። የአያ ወርቅነህ ዳገት ላይ ስደርስ ገና ጉልበት ነበረኝ። እሳቸው ከድንጋያቸው ላይ ነበሩ፤ ነጭ ጋቢያቸው ከሩቅ ይታያል። አላሰብኩበትም። ማሰብ የሚባል ነገር በመካከሉ አልነበረም። ደጃቸው ስደርስ ወረድኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ፣ እሳቸውም «እግዚአብሔር ያበርታህ» አሉኝ። ከኋላዬ መዶሻ ሲመታ ሰማሁ። ከዚያ ብስክሌቷን እየገፋሁ ወደ ላይ ወጣሁ። ጆሜትራው ደብተሩ ላይ ይጽፍ ነበር።

በማግሥቱ ወረቀት ይዤ ስመለስ እትዬ ዘነበችን፣ የአያ ወርቅነህን ባለቤት፣ ከአጥራቸው ውጪ ቆመው አገኘኋቸው። በኖራ የተቀባ ችካል ከደጃቸው ድንጋይ አጠገብ ተተክሏል። ሌላው አጥሩን ተሻግሮ ጌሾው መካከል፣ ሌላው ጎተራው ሥር፣ ሌላው ከቤቱ ግድግዳ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ። ዳገቱ ስለማይወጣ መንገዱ እዚህ ላይ ታጥፎ በግቢያቸው ውስጥ ዞሮ ሊወጣ ነው። «ይሁኔ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ። ለመመለስ አፌን ከፈትኩና ያን ጊዜ ገባኝ። ጆሜትራው ከላይ ሆኖ ያየው አንድ ነገር ነው፤ ወረደ። ለምን እንደወረድኩ መነጽሩ አያሳይም። ላከብራቸው ወርጄ ቤታቸው ላይ መንገድ አመጣሁባቸው።

ሮጬ ጆሜትራው ዘንድ ሄድኩ። ደክሞኝ ሳይሆን ሰላም ለማለት እንደወረድኩ ነገርኩት። ሳቀ። «እናንተ ሁላችሁ እንዲህ ትላላችሁ» አለ፤ የማን ቤት እንደሆነ ጠየቀኝ፣ የክርስትና አባቴ ቤት ነው ስለው ጭራሽ ሳቀ። በኋላ ግን፣ ክፉ ሰው አልነበረም ይመስለኛል፣ ወይም ቀጥ ያለው መንገድ ሥራ ይቀንስለታል፣ «ሐሙስ ጧት ደግመህ ውጣ» አለኝ። «በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጭነት። ካልወረድክ ችካሎቹን እነቅላለሁ። ከወረድክ ሰኞ ማፍረስ ይጀመራል።»

ረቡዕ ከቀትር በኋላ አያ ወርቅነህ ዘንድ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። ነግሬ ሳበቃ «አባቴ፣ ነገ ረፋድ ላይ ለጥቂት ጊዜ ቤት ውስጥ ቢቆዩልኝስ?» አልኳቸው።

«ለምን? ታምሜያለሁ?»

«አልታመሙም።»

«ታስሬያለሁ?»

«አባቴ፣ እርስዎ ደጅ ከሌሉ እኔ ለማን እወርዳለሁ? ዝም ብዬ አልፋለሁ፣ ቤቱም ይተርፋል።»

«ከገዛ ደጄ ጎማ መጣ ተብዬ ልደበቅ?»

እትዬ ዘነበች ከውስጥ «ቤተ ስኪያን ሂድ በዚያች ሰዓት፣ ማንም አልተደበቀም አይልህም» አሉ።

«ቤተ ስኪያን የምሄደው እግዚአብሔርን ብዬ ነው። ጣሊያን ቀጠሮ ሰጥቶኝ አይደለም።» ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ እዚህ ድንጋይ ላይ ስቀመጥ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ደጃዝማች አልፎበታል፣ ወርዷል። ነገም እቀመጣለሁ። አንተም ትመጣለህ፣ እንደ ልማድህ ትወርዳለህ።»

«ታዲያ ቤቱ ይፍረስ?»

«ይፍረስ። ሣርና እንጨት ነው፤ ሌላ ቦታ እከድነዋለሁ። ሰው እያየ የክርስትና ልጄ ተቀምጦ ቢያልፈኝ፣ እሱን በምን እከድነዋለሁ?»

ከዚህ በላይ ክርክር አልነበረም። ስወጣ እትዬ ዘነበች እስከ አጥሩ ሸኙኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጌሾው ውስጥ ያለውን ችካል እያዩ፣ «አራት ልጅ የወለድኩት እዚህ ነው» አሉኝ። «እሱ ያኮርፋል። ማኩረፍ ልማዱ ነው፣ ይለቀዋል። ሂድበት።»

«እትዬ፣ እምቢ ብለዋል እኮ።»

«ሰምቻለሁ። ሂድበት አልኩህ። እኔ ማለቴንም እንዳትነግረው።»

ሐሙስ ጧት ወሬው ተሰምቶ ኖሮ ሰው ከገበያው ጀምሮ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ጆንያው ታሰረ። ጫኔ መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ «ዛሬስ አትውረድልኝ፣ ችካል መንቀል ከመምታት ይቀላል» አለኝ። ተነሣሁ። ድልድዩን፣ ገበያውን፣ የመጀመሪያውን ጉብታ እንዴት እንዳለፍኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር መንገዱ ያንሸራትታል፤ የኋላው ጎማ በየምቱ ትንሽ ወደ ጎን ይሄዳል። በብስክሌት ዳገት ስትወጣ አንገትህ ይቀበራል፤ ከፊትህ ያለችውን አንድ ክንድ መሬት ብቻ ነው የምታየው። ነጭ ጋቢ እንዳላይ መሬቱን አየሁ። ጠጠሯን ሁሉ አየሁ። የኖራውን ችካል ከጎኔ አየሁት። የሰንሰለቱ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው።

አሁን እነሆ ተቀምጠው ያዩኛል ስል ቀና አልኩ። አልተቀመጡም። አያ ወርቅነህ ድንጋዩን ተደግፈው፣ በአንድ እጃቸው ጉልበታቸውን ይዘው፣ ቀስ ብለው ተነሡ። ቆሙ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ለጌታ እንደሚደረገው ወገባቸው ላይ አሸረጡት። ከዚያ በሕዝቡ ሁሉ ፊት፣ ካኪ ቁምጣ ለብሶ ምላሱን አውጥቶ ለሚያለከልክ ጎረምሳ፣ ወገባቸውን ሰብረው እጅ ነሡ።

«ይለፉ፣ ጌታዬ» አሉ።

እግሬ ሊቆም ነበር። ለምን እንዳልቆመ አላውቅም። ምናልባት እትዬ ዘነበች ከአጥሩ ኋላ ስለታዩኝ ነው፤ ምናልባት ጎረምሳነት ነው። ሁለት ጊዜ መታሁ፣ ሦስተኛ መታሁ፣ አለፍኩ። ከላይ ጆሜትራው ያጨበጭባል። ብስክሌቷን ጥዬ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀመጥኩ። በዚያው ቀን ጫኔ ችካሎቹን ከጌሾው፣ ከጎተራውና ከግድግዳው ሥር ነቀለ። መንገዱ ቀጥ ብሎ ወጣ። ቤቱ ተረፈ።

አያ ወርቅነህ አልተቆጡኝም፣ ከቤታቸውም አላስወጡኝም። ያደረጉት ነገር ከዚህ ይከፋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደጃቸው ባለፍኩ ቁጥር ከድንጋያቸው ይነሣሉ። በብስክሌት ብመጣ፣ በእግሬ ብመጣ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ መሬት እስክነካ ጎንበስ ብል፣ ያን በሽተኛ ጉልበት ይዘው ይነሣሉ፣ ጋቢያቸውን ያሸርጣሉ፣ እስካልፍ ድረስ ቆመው ይቆያሉ። ቃል አይናገሩም። ሰው ያያል። አንድ ቀን «አባቴ፣ ስለ ማርቆስ ብለው ይቀመጡ» ብዬ ለመንኳቸው፤ እንዳልሰማ ሆነው ቆሙ። ሲነሡ ጉልበታቸው የሚንቋቋውን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ። ስለዚህ በዚያ መንገድ መሄድ ተውኩ። በከተማው አንደኛ የሆነ፣ ለብስክሌት የተመቸ፣ በእግሬ ለክቼ ያስወጣሁት መንገድ እዚያ ተዘርግቶ፣ እኔ ብስክሌቷን ተሸክሜ በወንዙ ገደል እመላለስ ነበር። ልጃገረዶቹ ግጥማቸውን አልረሱም። ጆሜትራው አንድ ቀን አገኘኝና «መንገድ ሠርቼልህ ለምን በገደል ትሄዳለህ?» አለኝ። ብስክሌቷን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዛውሬ ወደ ገደሉ ወረድኩ። እትዬ ዘነበች ያሉኝን ለማንም አልተናገርኩም፤ ማኩረፉም እሳቸው ይለቀዋል እንዳሉት አያ ወርቅነህን አልለቀቃቸውም።

ስንት ክረምት እንዲህ እንደሄደ ቆጥሬ አላውቅም። ጣሊያኖቹ ለቀው ሄዱ፣ የሸክላው ዘፈን ቆመ፣ ብስክሌቷም ፍሬኗ ተሰብሮ መለዋወጫ ጠፋላት። እኔም ሌላ ሥራ ያዝኩ። አንድ የገበያ ቀን ከታች ሰፈር ሆኜ ሽቅብ ሳይ ያ ነጭ ጋቢ ታየኝ። በገደሉ ልሂድ ብዬ ዞርኩ፤ ሁለት እርምጃ ሄድኩና ተመለስኩ። በእግሬ ወጣሁ። ሰውና አህያ ይተላለፋል። ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀረኝ አዩኝና እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ። መነሣት ጀመሩ። ከበፊቱ የበለጠ ጊዜ ፈጀባቸው። እኔም ምን እንዳደረግኩ ሳላስበው መንገዱ መካከል፣ አፈሩ ላይ፣ እግሬን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

ቆመው አዩኝ። «ምን ሆነሃል?» አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃላቸው ነው።

«ጉልበትዎን ያምዎታል። ይቀመጡ።»

«አንተ ተቀምጠህ እኔ ብቆም ምን አለበት? ለምደነው የለም?»

ከኋላዬ የቆመ ባለአህያ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ከብቶቼ ጭነት ላይ ናቸው፤ ወይ ታረቁ ወይ ተነሡ» አለ። ሰዉ ሳቀ። አያ ወርቅነህ አልሳቁም።

«ያን ቀን መውረድ አቅቶህ ነበር?» አሉኝ።

«አላቃተኝም።»

«ፍሬኑ እምቢ ብሎህ?»

«ፍሬኑ ደህና ነበር።»

«ታዲያ?»

«ቤቱን ብዬ ነው፣ አባቴ።»

«ቤቱ የማን ነው?»

«የእርስዎ።»

«ክብሩስ?»

«የእርስዎ።»

«ሁለቱም የኔ ከሆኑ፣ መራጩ እንዴት አንተ ሆንክ?»

ከዚያ ወዲህ ጋብቻ፣ ልጅ፣ ሥራ፣ ለቅሶ ሁሉ አልፎብኛል፤ ይህች ጥያቄ ግን እንዳለች ናት። ከሰሌዳ ላይ ገልብጬ ያሰመርኩበት ዓረፍተ ነገርም አልመለሰልኝም። አፈሩ ላይ እንደተቀመጥኩ አንገቴን ደፋሁ። አህዮቹ በግራና በቀኜ ማለፍ ጀመሩ።

«ቤቱ የኔም ነው» የሚል ድምፅ ከደጁ መጣ። እትዬ ዘነበች ስፌታቸውን ይዘው ቆመዋል። «ሂድበት ያልኩት እኔ ነኝ። እንዳትናገር ያልኩትም እኔ ነኝ። ልትቆም ከሆነ ለኔ ቁምልኝ።»

አያ ወርቅነህ ወደ እሳቸው ዞሩ። ከዚያ ወደ እኔ። ከዚያ ቤቱን አዩት፤ ግድግዳውን፣ ጎተራውን፣ ከአጥሩ በላይ የሚታየውን ጌሾ፣ አንድ በአንድ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደው ድንጋዩን ፈለጉና ተቀመጡ።

«ተነሥ፣ አህያ ይረግጥሃል» አሉኝ።

ተነሥቼ አፈሩን አራገፍኩና ፊታቸው ቆምኩ። እሳቸው ድንጋዩ ላይ ትንሽ ፈቀቅ አሉ። ለእኔ ቦታ መልቀቃቸው ይሁን፣ ወይስ ጉልበታቸውን ማመቻቸታቸው፣ አላወቅኩም። አልጠየቅኳቸውም። ተቀመጥኩ።